ከሆሳዕና በፊት የተመለሰ ቁልፍ

ፖርትዜላ፣ ኮርንዎል
ኤፕሪል 6 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ ሄድሊ፣

የናፍቆት ሰላምታችን ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ለቀቅ አደረገዎት? እኔና ልጄ ኤሎወን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፋሲካን በሰላም ውለናል። ኤሎወን በጸሎት ቤቱ ብቻዋን ቆማ ዘመረች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይኗን ጨፍና እንዲያ ስትዘምር ቢያዩ አያቴን ያስታውሱ ነበር። ከአያቴ ጋር የአጎትና የአክስት ልጆች ብቻ እንደነበራችሁ ለሰው ስነግር አያምነኝም፤ ለእኛ ከሥጋ አባት አላነሱብንም።

ለገና የላኩት ባለ ካንጋሮ የግድግዳ ካላንደር ደርሶናል። በጣም አመሰግናለሁ። ገና አልሰቀልነውም እንጂ ኤሎወን በየቀኑ ከሳጥን እያወጣች ታየዋለች።

የዘንድሮው ፋሲካ ግርግር በዝቶበት ነበር። በኦገስት የፀሐይ ግርዶሽ ከእኛ መንደር በደንብ ይታያል ስለተባለ፣ ከለንደን እስከ ጃፓን ያለ ሰው አልጋ ይዟል፤ አንዳንዱማ ከአሁኑ ገብቷል። የበግ ጋጣ ሳይቀር ተከራይቷል እያለ ዴንዚል ይቀልዳል። ዴንዚልን ያውቁታል፣ የዓሣ መኪና የሚነዳው፣ የጃክ ልጅ።

አንድ ትንሽ ነገር ላስቸግርዎ። የሚቀጥለውን ደብዳቤ በዴንዚል አድራሻ፣ ወደቡ አጠገብ ባለው የዓሣ መረብ ማስቀመጫ ቤት ቢልኩልኝ። ለጊዜው ነው። ሌላ የጎደለብን ነገር የለም።

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።

አክባሪዎ ታምዚን


ሙንታ፣ ደቡብ አውስትራሊያ
ኤፕሪል 19 ቀን 1999

ለልጄ ለታምዚን፣

ሰላምታዬ ከነልጅሽ ይድረስሽ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ ያረጀ ነው፣ ግን ይሄዳል። ስልክ እንዳልደውልልሽ ጆሮዬ እምቢ ብሎኛል። በቀደም አንዲት ሴትዮ በስህተት ደውላ ጸጉር ቤት ቀጠሮ ያስያዘች መሰላት፤ እኔም ስለ ዝናቡ አወራኋት። ስለዚህ በጽሑፍ እንነጋገር።

የመረብ ቤት አልሽኝ? ያንን መረብ ቤት እኔ ልጅ ሳለሁ ክረምት ሲገባ ድመት እንኳ ትቶት ይሄድ ነበር። ምን ልትሠሪ ገባሽ?

ስድስት ዓመት ስጽፍልሽ አድራሻሽን በቃሌ ይዤዋለሁ። ክረምቱን የራንድል ቤት ነሽ። ፋሲካ ሲያልፍ ቤቱን ለበጋ እንግዶች ትለቂለትና፣ በጋውን ሆስኪን እርሻ ላይ ባለው ተጎታች ቤት ታሳልፊያለሽ። እዚያ መንደር ግማሹ ሰው የሚኖረው እንዲህ ነው፤ እናቴም እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። ታዲያ ተጎታች ቤቷ የት ሄደች? «ሌላ የጎደለብን ነገር የለም» የምትለው ሴት ሁልጊዜ የጎደለባት ነገር አለ። ጻፊልኝ።

እኛ ዘንድ ደህና ነው። ልጄ ኮሊን በየእሁዱ ከአደላይድ እየመጣ ክፍሎቹን በሜትር ይለካል። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጥቻቸዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መጎንበሱ ሰልችቶኝ ነው።

ኤሎወንን ሳሚልኝ። በረከት ከቤታችሁ አይራቅ፣ ቤቱ የትም ይሁን የት።

አጎትሽ ሄድሊ


ፖርትዜላ
ኤፕሪል 30 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ከልብ ነው። ደብዳቤዎን ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ ቆሜ አነበብኩት፤ አለቀስኩም፣ ሳቅኩም። ከእርስዎ መደበቅ አልቻልኩበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆሳዕና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሚስተር ራንድል መጥቶ፣ «ታምዚን የኔ ቆንጆ፣ ዘንድሮ እንግዶቹ ቀድመው ነው የሚመጡት። ለሆሳዕና ትለቂልኛለሽ?» አለኝ። «እንዴታ!» አልኩት። በዋዜማው ቅዳሜ ቤቱን ጠረግኩ፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት ደርድሬ ክብሪት ብቻ እንዲጠብቅ አደረግኩ፣ በቢጫው ቅመም የሳፍሮን ዳቦ ጋግሬ ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ሸፈንኩ፣ ቁልፉን ውጭ በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። እናቴ እንዳደረገችው፣ እናትዎም እንዳደረጉት። ከዚያ ዴንዚል ዕቃችንን በዓሣ መኪናው ጭኖ እርሻው አደረሰን።

ተጎታች ቤታችን ደጃፍ ላይ ሁለት ጀርመኖች ሻይ ይጠጣሉ።

አሮጊቷ ወይዘሮ ሆስኪን ክረምቱን ታመው ሆስፒታል ናቸው ለካ። እርሻውን የያዘችው የልጃቸው ሚስት ጊሊያን ናት። የኛ ስምምነት የቃል ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀት አልነበረንም። እሷ ስለማታውቅ ቦታውን በሙሉ ለግርዶሽ እንግዶች አከራይታዋለች። ስታየኝ ፊቷ ቀላ፤ እኔም ቀላሁ። ሁለታችንም እርስ በርስ ይቅርታ ስንጠያየቅ ጀርመኖቹ ሻይ ቀዱልን። በዚያው መኪና ተመልሰን መረብ ቤቱ ገባን።

ከዚያ ቤት ለሌላቸው ማረፊያ ወደሚሰጠው የወረዳው ምክር ቤት ሄጄ የቤት አልባነት ማመልከቻ አስገባሁ። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከተማው ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ሰጡን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያስተናገደኝ ወጣት ጸሐፊ ትሁት ልጅ ነው፤ ለኤሎወን ብስኩት ሰጣት። «ባለቤቱ አስወጣሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ በጭራሽ! ማንም አላስወጣኝም፣ በገዛ ፈቃዴ ነው የወጣሁት» አልኩት። ምን ልበል? ኤሎወን ሳምባዋን የታመመች ጊዜ ራንድል ሳይጠየቅ ከሰል አምጥቶ የደፋልን ሰው ነው። ቢሮ እንዲጠራብኝ አልፈለግኩም። ጻፈው፣ እኔም ፈረምኩ።

ውሳኔው ትናንት መጣ። በቤቱ መቆየት እየቻለች ሆን ብላ የተወች ናት፣ ስለዚህ ቤት የመስጠት ግዴታ የለብንም ይላል። ክፍሉን በሜይ መጨረሻ እንለቃለን። ከሥር ደግሞ አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ። ማረፊያ ካላገኘሁ ኤሎወን ለብቻዋ የት ልትቆይ እንደምትችል ሌላ የመሥሪያ ቤቱ ክፍል ያነጋግረኛል ይላል። ይህን ለማንም አላነበብኩም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችያለሽ ብለውኛል። ግን እንዴት ብዬ? መልካም ሰዎች ናቸው። ከፈረምኩ በኋላ ተመልሼ «ዋሽቻለሁ» ልበል? ገንዘብ እንዳይልኩ አደራ፤ የማልቀበል መሆኔን ያውቃሉ። በጸሎት ብቻ ያስቡን። እስከዛሬ ላደረጉልን ሁሉ አመሰግናለሁ።

ታምዚን


ሙንታ
ሜይ 10 ቀን 1999

ታምዚን፣

ሰላምታ ይቆየኝ፤ ተናድጃለሁ። ሰላምታውን ከሥር ታገኚዋለሽ።

አንቺ ልጅ፣ ይሉኝታሽ ልጅሽን ሊያስወስድብሽ ነው እኮ! ላስጠለሉሽ ሰዎች ማመስገን ደግ ነው፤ አመስግኚ፣ እኔም አብሬሽ አመሰግናለሁ። ግን የብስኩቱ ምስጋና ከኤሎወን ጋር አይለዋወጥም። በገዛ ፈቃድሽ የወጣሽ ከሆነ ለምን ልጅሽ መረብ ላይ አደረች? ሄደሽ ጀርመኖቹን ለማየት ነው?

ስለ ሕጉ ምንም አላውቅም። የማውቀው ያንን መንደር ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ሚስማሩንም ዳቦውንም አያውቅ ይሆናል፤ ሰው ቤት የሚለቀው ወይ ተገፍቶ ወይ ጠግቦ ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ ሰው ስለተጠየቀ ብቻ እንደሚለቅ የነገረው የለም። አንቺ ነበርሽ የምትነግሪው፤ አንቺ ደግሞ ራንድልን ለመሸፈን አፍሽን ዘጋሽ።

አሁን የምትሠሪውን ልንገርሽ። ራንድል ጋ ሂጂ። ጊሊያን ጋ ሂጂ። ያንን ለፍላፊ ዴንዚልንም ያዢ። የሆነውን እንዳለ እንዲናገሩ ጠይቂያቸው። ራንድል ከሰል ያመጣ ሰው ከሆነ እውነት ለማምጣት አይከብደውም። ይሉኝታሽን ከቁልፉ ጋር እዚያ ሚስማር ላይ ስቀዪውና ሂጂ። ቀኑ ሳያልፍብሽ!

ካልሆነ ደግሞ ወደ እኔ ኑ። ቤቴ ሦስት መኝታ ክፍል አለው፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። እስከ ኦገስት ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ይኸው ሰላምታው። ጌታ ከፊትሽ ይቅደም፣ ኤሎወንን ከእቅፍሽ አያውጣት።

ሄድሊ


ፖርትዜላ
ሜይ 24 ቀን 1999

ለተከበሩና ለተቆጡት አጎቴ፣

እግዚአብሔር ቁጣዎን ይባርክልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀኑ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መጀመሪያ ኩርፍ አልኩ፣ ቀጥሎ ኮቴን ለበስኩ።

ከተማው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ነጻ ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ወይዘሮ አንጎቭ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሴትዮ አስቀመጡኝ።

«ቁልፉን ስትመልሺ ተጎታች ቤቱ ለሌላ እንደተከራየ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ እንዴት ብዬ! አውቄ ልጄን ሜዳ ላይ ላሳድራት?»

«ታዲያ ይህን ነገርሻቸው?»

«ኧረ... ማንንም መክሰስ አልፈለግኩም።»

«ማን ክሰሺ አለሽ? የሆነውን ተናገሪ ነው የምልሽ! ዋናውን ነገር ሳያውቅ በቅን ልቦና ያደረገውን ሰው ሕጉ ሆን ብለህ ነው አይለውም። አንቺ ግን በገዛ አፍሽ ሆን ብዬ ነው ብለሽ ፈርመሽ መጣሽ!» መነጽራቸውን አገኙት። «በይ፣ የሚያውቁ ሰዎች አምጪልኝ። ደግሞ ይቅርታ መጠየቁን ለዛሬ ተይው።»

ራንድልን መሰላል ላይ ሆኖ የመስኮት ፍሬም ቀለም ሲቀባ አገኘሁት።

«ሚስተር ራንድል፣ ይቅርታ፣ ማስቸገር ባይሆንብኝ...» አልኩት። የተከለከልኩትን ይቅርታ ገና ከመጀመሪያው ጠየቅኩ።

«ምነው፣ ቁልፉ ላይ ችግር አለ እንዴ?»

ነገርኩት። ብሩሹን እንደያዘ ወርዶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ቀለሙ ሱሪው ላይ ሲንጠባጠብ አላየውም።

«እኔ ነኝ እኮ ያስወጣሁሽ!» አለኝ። «እንግዶቹ ባይቀድሙ መቼ እንዲህ አጣድፍሽ ነበር። አሁንስ ተጎታች ቤትሽ ውስጥ ነሽ ብዬ ነበር የማስበው።»

«ማንም አላስወጣኝም ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«እኔን ብለሽ?»

የሚንጠባጠበውን ብሩሽ ከእጁ ወሰድኩ።

«ዳቦሽንም እኔ ነኝ የበላሁት» አለ። «ለእንግዶቹ አልሰጠሁም። ስንት ሰዓት ነው ቢሮው የሚዘጋው?»

ጊሊያን አለቀሰች፤ ቦታውን ያከራየችበትን ቀንና እኔ ዕቃ ይዤ የመጣሁበትን ቀን አስታውሳ ተናገረች። ዴንዚልማ ምኑን ልንገርዎ። «ልመስክር? ሳጥንሽን ሽቅብና ቁልቁል ሁለት ጊዜ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ? ወገቤ ይመስክር! ደግሞ ይህች ሴት እኮ እግሯን ቢረግጧት እግሬ መንገድ ላይ ስለነበረ ይቅርታ የምትል ናት። እንዲያ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

በመጨረሻው ቀን ሁላችንም በዓሣ መኪናው ተሳፍረን ምክር ቤቱ ደረስን። በሩ ሊዘጋ ሲል ገባን። ማኬሬል ዓሣ ስለምንሸት እንግዳ ተቀባይዋ መስኮት ከፈተች፣ ግን ወረቀታችንን ተቀበለች፣ ማኅተምም መታችበት። ያ ብስኩት የሰጠን ልጅ ወጥቶ አየንና፣ «ይህን ሁሉ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አለ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ያዘነ ይመስላል። ሌላ የበላይ ሰው ነው የሚያየው፣ እስከ ጁላይ ሊቆይ ይችላል ብሏል።

የእንግዳ ማረፊያውን ስንለቅ ወደ መረብ ቤቱ እንመለሳለን። ራንድል ምድጃ ላስገባላችሁ ብሎ ከዴንዚል ጋር እየተጨቃጨቀ ነው።

አጎቴ፣ ስሜ በሰው አፍ እንዲህ በደግ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምክንያቱ እርስዎ ነዎት። ግን «እስከ ኦገስት» ያሉት ምንድን ነው?

አመስጋኝዎ ታምዚን


ሙንታ
ጁን 7 ቀን 1999

ለልጄ ለታምዚን፣

ሰላም ለቤታችሁ፣ ሰላም ለመረቡም ይሁን። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ ጎረቤት ድረስ ተሰማ፤ ወድቆ ይሆን ብለው ሮጠው መጡ። ለራንድል ባርኔጣዬን አንስቻለሁ በይልኝ። ዴንዚልን ደግሞ ወገቡን ያሳርፍ በይው።

አሁን መጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ ትችያለሽ፣ ለምደሽዋል።

እዚህ ክረምቱ ገብቷል። የእንጨት ሥራ ዕቃዎቼን፣ መጋዙንም መላጊያውንም፣ ለሙያ ትምህርት ቤቱ ሰጠኋቸው። ልጆቹ ተደሰቱ። ከአደላይድ ጥሩ ሳፍሮን አስመጥቻለሁ። እጄ መጋገር ይረሳ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልረሳም።

ኦገስት ያልኩት እንዲሁ ነው። አትጨነቂ።

ሄድሊ


ፖርትዜላ
ጁላይ 12 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ ሄድሊ፣

ተመስገን! ተመስገን! ሰላምታውን በእልልታ ይቀበሉኝ።

ውሳኔው ተለወጠ። ጉዳዩን እንደገና ያዩት ሴትዮ ራሳቸው እዚህ ድረስ መጡ። እርሻው ላይ ጊሊያንን አነጋገሩ፣ ራንድልን አነጋገሩ፣ ከዚያ ሚስማሩን አሳየኝ አሉት። «ዳቦው በየቤቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «በየቤቱ ነው፣ ግን የታምዚን ይበልጣል» አላቸው። ተጎታች ቤቱ እንደሌለ ሳታውቅ በቅን ልቦና የለቀቀች ናት፣ ስለዚህ ቤት የመስጠት ግዴታ አለብን ብለው ጻፉ። ኤሎወን ለብቻዋ የትም አትሄድም።

ላይኛው መንገድ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተለቅቋል፤ በኦገስት መጀመሪያ ቁልፉን እንረከባለን። በጋም ክረምትም የኛ ነው። ያንን ብስኩት የሰጠንን ልጅ መንገድ ላይ አግኝቼ አመሰገንኩት፤ አፍሮ ሮጠ። ሁሉንም አመሰገንኩ፣ እንግዳ ተቀባይዋንም ስለ መስኮቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። ይህንን ግን አይቆጡኝ።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ዶሮዎቹን ሰጡ። መጋዙን ሰጡ። ኮሊን ክፍል ይለካል። ያሉኝ ክፍሎች እስከ ኦገስት ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ ሳፍሮን። እኛ ዘንድ ሰው የሳፍሮን ዳቦ የሚጋግረው ወይ ለበዓል ነው ወይ ቤት ሲለቅ። ኦገስት ውስጥ በዓል የለም። አጎቴ፣ ምን ደብቀውኛል?

ታምዚን


ሙንታ
ጁላይ 22 ቀን 1999

ለልጄ ለታምዚን፣

እልልታሽ ደረሰኝ፤ በዚህ ጆሮ እንኳ ሰማሁት። ደብዳቤሽን ይዤ ሚስቴ ግዌን መቃብር ሄጄ አነበብኩላት። እግዚአብሔር ቤታችሁን የሳቅ ያድርገው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። በፌብሩዋሪ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወደቅኩ። ብዙም አልተጎዳሁም፣ ግን ኮሊን እስኪመጣ ድረስ መነሳት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። አደላይድ ውስጥ ጥሩ የአረጋውያን ማረፊያ አግኝቶልኛል፤ ቤቱን ለመሸጥም ሰው አነጋግሯል። በኦገስት የመጨረሻዋ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደኛል። «አባዬ፣ ቅር አይልህም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ በጭራሽ፣ በገዛ ፈቃዴ ነው» አልኩት።

ይህን ቤት በእጄ ነው የሠራሁት። ግዌን ሚስማር እያቀበለችኝ፣ ኮሊን ገና በሆዷ ሳለ። ግን ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ተጨንቆ ነው፣ ላስቸግረው አልፈልግም። እንጨቱን ምድጃው ውስጥ ደርድሬያለሁ። ዳቦውን በዋዜማው አርብ እጋግራለሁ። ቁልፉን የምሰቅልበት ሚስማር ከደጅ መትቻለሁ።

አዲሱን አድራሻዬን እልክልሻለሁ።

ሄድሊ


ፖርትዜላ፣ ላይኛው መንገድ
ኦገስት 12 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታ ይቆየኝ፤ ተናድጃለሁ። ከሥር ያገኙታል።

መጀመሪያ ወሬውን ልጨርስ። ትናንት ግርዶሹ ሆነ። ዓመት ሙሉ ተወርቶለት ሰማዩ ደመና ነበር። ትንሽ ጨለመ፣ ብርድ ብርድ አለን፣ የባሕር ወፎቹ ዝም አሉ፣ ተመልሶ ነጋ። «ለዚች ነው የበግ ጋጣ የተከራየው?» አለ ዴንዚል። እኛ ከራሳችን ደጃፍ ቆመን ነው ያየነው፣ ከራሳችን ደጃፍ! ኤሎወን ካላንደርዎን ሰቅላለች፤ ዓመቱ ቢጋመስም ከጃንዋሪ ጀምራ አንድ በአንድ ገለጠችው። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ቁልፌንም እዚያው ከውስጥ፣ ካላንደሩ አጠገብ ሰቅየዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ። «ኧረ በጭራሽ፣ በገዛ ፈቃዴ ነው።» ይህን ቃል የት ነው የማውቀው? ለምክር ቤቱ ልጅ ያልኩት ቃል በቃል ይኸው ነው። ያንን ልጅ ሚስማሩንም ዳቦውንም አያውቅም ብለው ሲቆጡ የነበሩት እርስዎ አልነበሩም? ኮሊን እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ከደጅ የተመታው ሚስማር ምን ማለት እንደሆነ በየት በኩል ይወቅ? ጠየቀ፣ ቅር አይለኝም አሉት፣ አመነዎት። የልጁን ጭንቀት አልንቅም። ወድቀው መነሳት ማቃትዎን ሳነብ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ግን መታጠቢያ ቤት ማዳለጡን ነው ማስተካከል ያለበት፣ ወይስ ቤቱን በሙሉ መሸጥ? ይህን ጠይቀውታል? ወይስ ላለማስቸገር ዝም አሉ?

አጎቴ፣ እኔን ከመረብ ላይ ያነሳኝ የእርስዎ ቁጣ ነው። የምከፍልበት ሌላ ነገር የለኝም፤ ስለዚህ ቁጣዎን እመልስልዎታለሁ። ለኮሊን እውነቱን ይንገሩት። ሰምቶ መሄዱ ይሻላል ካላችሁ ደግሞ ይሂዱ፤ ያኔ ዳቦውን እኔም ከዚህ እባርካለሁ። ሳይናገሩ ግን ቁልፉን እንዳይሰቅሉ። ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት፤ ከቅዳሜዋ በፊት እንዲደርስ ኤሎወን ጸልያለች።

ይኸው ሰላምታው። እንወድዎታለን። አሁን በኛ ቤት ለእርስዎ የተተወ ወንበር አለ።

ታምዚን


ሙንታ
ኦገስት 30 ቀን 1999

ለልጄ ለታምዚን፣

ሰላምታዬ፣ ምርቃቴ፣ ሁሉም ይድረስሽ። ፈጣን ነው ያልሽው ፖስታ ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ ሐሙስ ደረሰ። አንብቤ ተቆጣሁ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ከዚያ ዳቦውን ጋገርኩ፤ ሳፍሮኑን ገዝቼዋለሁ እኮ።

ቅዳሜ ኮሊን ባዶ ሳጥኖች ጭኖ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የወረደው። «ዝግጁ ነህ አባዬ?» አለኝ። «ሞተሩን አጥፋና ግባ፣ ሻይ አፍልቻለሁ» አልኩት። ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጬ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ አንቺ ነገርኩት። በመጨረሻ፣ «በገዛ ፈቃዴ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። መሄድ አልፈልግም» አልኩት። ይህን ለማለት ሰባ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ልጁ ዳቦውን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጥ አደረገ። «ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ የለካሁት ለገዢው ነው፣ አንተ መሄድ ፈለግክ ብዬ» አለኝ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። ከዚያ ያንን ሜትሩን አወጣና መታጠቢያ ቤቱን ለካ። ዛሬ ጠዋት ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ገጥሞልኝ ሄደ። ትንሽ ጠማማ ነው፤ መላጊያህን ስለሰጠህ ነው ብሎ ወቀሰኝ። በየረቡዑ ደግሞ አንዲት ነርስ ትመጣለች። ጮክ ብላ ታወራለች፣ ወደድኳት።

ከደጅ የመታሁትን ሚስማር ኮሊን በመዶሻው ነቀለው። እንጨቱን አነደድነው። ዳቦውን እኔና እሱ ተቀምጠን ፍርፋሪ ሳናስቀር ጨረስነው።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

አመስጋኝሽ ሄድሊ